ምዕራፍ ሰባት፦ በሌላ ፀሐይ ሥር የሚበቅል ቅጠል

የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዓይኑ ወደ ሰማይ ነው። ጋቭሪል ቲኾቭ ግን የእርጅና ዘመኑን ያሳለፈው የጥድ፣ የአጃና የሣር ቅጠል ሲመረምር ነው። ይህ የሶቪየት ሳይንቲስት በ1941 የፀሐይ ግርዶሽ ለመከታተል ወደ ካዛኪስታኗ አልማ አታ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። በ1947 በካዛኪስታን የሳይንስ አካዳሚ ሥር ከዚያ በፊት ያልነበረ የጥናት ክፍል አቋቋመ። የክፍሉ ሥራ በሌሎች ፕላኔቶች ላይ ሊኖሩ የሚችሉ ዕፅዋትን ማጥናት ሲሆን ሙያውን አስትሮቦታኒ አሉት። (በዚህ ምዕራፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ዛሬ እንግዳ ይምሰል እንጂ በዘመኑ የተከበረ ነበር። ማርስ ላይ ጠቆር ያሉ ሰፋፊ ቦታዎች በቴሌስኮፕ ይታያሉ። የማርስ ጸደይ ገብቶ የዋልታው በረዶ መሳሳት ሲጀምር እነዚህ ቦታዎች እየጠቆሩና እየሰፉ የሚሄዱ ይመስላሉ። አሜሪካዊው ፐርሲቫል ሎዌል በ1894 በአሪዞና ግዛት፣ በፍላግስታፍ ከተማ የራሱን የምልከታ ጣቢያ ከፍቶ ማርስን ለዓመታት ከተከታተለ በኋላ ጠቆር ያለው ነገር ዕፅዋት ነው ብሎ ጻፈ። ሎዌል አየኋቸው ያላቸውን የመስኖ ቦዮች አብዛኞቹ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉለትም። በዕፅዋቱ ሐሳብ ግን እስከ 1950ዎቹ ድረስ ብዙ ጠንቃቃ ሳይንቲስቶች ይስማሙ ነበር፤ ቢያንስ በድንጋይ ላይ እንደሚለጠፈው ላይከን ያለ ዝቅተኛ ተክል አይጠፋም ይሉ ነበር።

የቲኾቭ ችግር ሌላ ነው። የምድር ቅጠል ከሩቅ የሚታወቅበት ምልክት አለው። በውስጡ ያለው ክሎሮፊል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ከቀይ ቀጥሎ ያለውንና ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ጨረር ግን ቅጠሉ መልሶ ይረጨዋል። የማርስ ጥቁር ቦታዎች ይህን ምልክት አላሳዩም። ቲኾቭ በዚህ ተስፋ ቆርጦ አልተወውም፤ በብርድ አገር የሚኖር ተክል ብርሃንን እንዴት እንደሚያስተናግድ ለማወቅ ተነሣ። በቀዝቃዛና በተራራማ አካባቢ የሚበቅሉ ዕፅዋትን ሲለካ፣ ሞቃቱን ጨረር ከቆላ ዘመዶቻቸው ባነሰ መጠን እንደሚመልሱ አስተዋለ። ለብርዱ ሙቀት ያስፈልጋቸዋልና አይበትኑትም ብሎ አሰበ። ማርስ ደግሞ ከሳይቤሪያም የባሰች ቀዝቃዛ ናት። ስለዚህ የማርስ ተክል ቀዩንም ኢንፍራሬዱንም ውጦ የሚመልሰው ሰማያዊውን ይሆናል፤ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ያደላል ሲል ደመደመ።

በ1956 ዊልያም ሲንተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከማርስ በሚመጣው ኢንፍራሬድ ውስጥ ካርቦንና ሃይድሮጅን የተሳሰሩባቸው ውህዶች የሚተዉትን የመሰለ ምልክት አገኘ። በ1958 በዘመኑ ከዓለም ትልቁ በነበረው የፓሎማር ቴሌስኮፕ ደግሞ አየው። ምልክቱ ጎልቶ የታየውም በጠቆሩት ቦታዎች ላይ ነው። የማርስ ዕፅዋት ጉዳይ አለቀለት ያሉ ጥቂቶች አልነበሩም። በ1965 ግን ሲንተን ራሱ የተሳተፈበት ጥናት ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ከየት እንደመጡ አሳየ። ዲውቴሪየም የሚባለውን ከባድ ሃይድሮጅን ከያዘ የውሃ ተን የመጡ ናቸው፤ ተኑም ያለው በገዛ ምድራችን አየር ውስጥ ነው። ቴሌስኮፑ ወደ ማርስ ሲያይ በመንገዱ ላይ ያለውን የራሳችንን እርጥበት አብሮ መዝግቦት ነበር።

በዚያው ዓመት፣ በጁላይ ወር፣ ማሪነር 4 የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በማርስ አጠገብ ስታልፍ 22 ፎቶግራፎች አነሣች። የታየው በተወርዋሪ አለቶች የተቦረቦረ ገላጣ ምድር ነው። የአየሯ ግፊትም የምድርን 1 ከመቶ እንኳ እንደማይሞላ ታወቀ። ከ1971 ጀምሮ ማሪነር 9 ማርስን እየዞረች ስትመለከት የጥቁር ቦታዎቹ ምሥጢር ተፈታ። ነፋስ ፈካ ያለውን አቧራ ከጥቁሩ አለት ላይ ሲጠርገው ቦታው ይጠቁራል፤ መልሶ ሲያለብሰው ይፈካል።

ቲኾቭ በ1960 ስላረፈ ይህን አላየም። መልሱ ስሕተት ነበር፤ ጥያቄው ግን ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ቅጠል የሚኖርበትን አገር ብርሃንና ብርድ ተከትሎ ይቀረጻል፤ ስለዚህ የምድርን ቅጠል ቅጂ በሌላ ዓለም መፈለግ ከንቱ ነው ማለቱ ትክክል ነበር። ይህ ምዕራፍ የቲኾቭን ጥያቄ ይዞ ከማርስ አልፎ ይሄዳል፤ መጨረሻም ላይ ቲኾቭ ያልጠየቀውን ያነሣል፦ ቅጠል የሌለበት ዓለምስ ተፈጥሮ አይባልም ወይ?

ተክል ዘሩ ነው ወይስ ሥራው?

በሥነ ሕይወት ተክል ማለት የአንድ ቤተሰብ ስም ነው። ጤፉም፣ ኮሶውም፣ ዝግባውም፣ በጓሮ የበቀለው ጤና አዳምም ከአንድ ጥንታዊ የውሃ አልጌ የተወለዱ ዘመዳማቾች ናቸው። የዘር ሐረጉም ከዚያ ወደ ኋላ ይቀጥላል። ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ በፊት አንድ ሕዋስ ከብርሃን ምግብ መሥራት የሚችል ባክቴሪያ ዋጠ። የተዋጠው ባክቴሪያ አልተፈጨም፤ እዚያው ውስጥ እየተራባ ኖረ። ዛሬ በየቅጠሉ ውስጥ ያለው ክሎሮፕላስት የዚያ ባክቴሪያ ዝርያ ነው። ይህ ሁሉ የምድር ታሪክ ነው። በዘር ከሄድን፣ ከእኛ ጋር ዝምድና የሌለው የሌላ ፕላኔት ፍጥረት ምንም ያህል ቅጠልና ግንድ ቢያወጣ ተክል ሊባል አይችልም።

በሥራ ከሄድን ግን ነገሩ ይለወጣል። የተክል ሥራ ከኮከብ የመጣ ብርሃንን ይዞ፣ ከአየር፣ ከውሃና ከማዕድን ገላ መገንባት ነው። ይህ ሥራ በምድር ላይ እንኳ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ የተሰጠ አይደለም። የባሕር ጫካ የሚሠሩት ግዙፍ ቡናማ አልጌዎች ከእውነተኞቹ ዕፅዋት ቤተሰብ አይደሉም። በባሌ ተራሮች የአስታ ዛፎች ላይ እንደ ሽበት የሚንጠለጠለው ላይከን ፈንገስና አልጌ ተጋግዘው የሚኖሩበት ኑሮ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። እጅግ ጨዋማ በሆኑ ሐይቆች ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ረቂቅ ተሕዋስያን የብርሃንን ኃይል የሚይዙት ያለ ክሎሮፊል ነው። የሚጠቀሙበት ሬቲናል የተባለውን ቀለል ያለ ሞለኪውል ነው፤ ዘመዱ በእኛም ዓይን ውስጥ ለማየት ያገለግላል። ሬቲናል አረንጓዴውን ብርሃን ይይዝና ቀዩንና ሰማያዊውን ይመልሳል፤ ስለዚህ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ክሎሮፊል ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቀዩንና ሰማያዊውን ይዞ አረንጓዴውን ይተዋል። ሺላዲትያ ዳስሳርማና ኤድዋርድ ሽዊተርማን በ2018 ባወጡት ጽሑፍ ከዚህ ተነሥተው የጥንቷ ምድር አንድ ዘመን ሐምራዊ ሳትሆን አትቀርም የሚል መላ ምት አቅርበዋል። መላ ምቱ ገና አልተረጋገጠም፤ ሥራው ግን ቢያንስ ሁለት መንገድ እንዳለው ጨዋማዎቹ ሐይቆች ዛሬም ያሳያሉ። አንዷ ፕላኔት ብቻዋን ሁለት መንገድ ካገኘች ሌሎቹ የእኛን ይደግማሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም።

የቅጠል ቀለም ከፀሐዩ ይወሰናል

የፀሐያችን ገጽ ሙቀት 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ከዚህ ሙቀት የሚወጣው ብርሃን በአየር ተጣርቶ መሬት ሲደርስ ለክሎሮፊል የሚስማማ ይሆናል፤ ሰማያዊው ኃይለኛ ነው፣ ቀዩ ብዙ ነው፤ ቅጠሉ ሁለቱን ይሰበስባል። በናሳ የጎዳርድ የኅዋ ጥናት ተቋም ተመራማሪ የሆኑት ናንሲ ኪያንግና ባልደረቦቻቸው በ2007 ባሳተሟቸው ጥናቶች ይህን ሒሳብ ለሌሎች ከዋክብት ሠሩት። መነሻቸው ግልጽ ነው። ቅጠል የሚቀባው ቀለም መሬት በሚደርሰው ብርሃን ዓይነትና መጠን ይወሰናል፤ የሚደርሰውን ብርሃን ደግሞ ኮከቡና የፕላኔቷ አየር ይወስናሉ።

ከፀሐይ በሚሞቅ ኮከብ ዙሪያ ሰማያዊው ብርሃን ይበዛል። እዚያ ያለ ቅጠል ከብዛቱ የተነሣ እንዳይቃጠል የተወሰነውን ሰማያዊ ሊመልስ ይችላል። ከፀሐይ እጅግ በሚቀዘቅዙትና ቀይ ድንክ በሚባሉት ከዋክብት ዙሪያ ደግሞ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ያጥራል፤ የሚበዛው ኢንፍራሬድ ነው። በእንዲህ ያለ ድንግዝግዝ የሚኖር ቅጠል ያገኘውን ሁሉ መሰብሰብ ይኖርበታል። ምንም ብርሃን የማይመልስ ነገር ለዓይናችን ጥቁር ነው። በጋላክሲያችን ካሉት 10 ከዋክብት 7 ያህሉ ቀይ ድንክ ስለሆኑ፣ በኅዋ ውስጥ ቅጠል ካለ ከአረንጓዴው ጥቁሩ ሊበዛ ይችላል።

ደካማው ብርሃን ሌላም ጥያቄ ያስነሣል። ኢንፍራሬድ የሚሸከመው ኃይል ከሰማያዊውና ከቀዩ ያንሳል፤ ውሃን ለመክፈል የሚያስፈልገው ኃይል ግን የትም አንድ ነው። የምድር ቅጠል ከውሃ አንዷን ኤሌክትሮን ወስዶ እስከ መጨረሻው ለማድረስ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች ያጠፋል። በቀይ ድንክ ዙሪያ ያለው ሦስት ወይም አራት ሊያስፈልገው ይችላል። አስቸጋሪ ነው፤ የማይቻል ግን አይደለም። ምድርም አንድ ፍንጭ ሰጥታናለች። በ2010 ሚን ቼንና ባልደረቦቿ ከምዕራብ አውስትራሊያው ሻርክ ቤይ፣ ስትሮማቶላይት ከሚባሉት በደቂቅ ፍጥረታት የተገነቡ ጥንታዊ ዓይነት ድንጋዮች፣ ክሎሮፊል ኤፍ የተባለ አዲስ የክሎሮፊል ዓይነት አገኙ። በብዛት የምናውቀው ክሎሮፊል 700 ናኖሜትር አካባቢ ሲያቆም፣ ይህኛው እስከ 750 ናኖሜትር ይዘልቃል። ጥላ ሥር የሚኖር ባክቴሪያ ከላዩ ያሉት የተዉለትን ትርፍራፊ ብርሃን እየበላ ለመኖር የዘየደው ዘዴ ነው።

አሁን ትራፒስት-1 ወደምትባለው ቀይ ድንክ እንሂድ። ከእኛ 40 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። በ2017 ሰባት የምድርን ያህል ስፋት ያላቸው ፕላኔቶች እንደሚዞሯት ይፋ ሆነ፤ ሦስቱ ውሃ በፈሳሽነት ሊቆይ በሚችልበት ርቀት ላይ ናቸው። ከነዚህ አንዷ ኮከቧን ዙራ ለመጨረስ የሚወስድባት 6 ቀን ብቻ ነው። ይህን ያህል የተጠጋች ፕላኔት ጨረቃ ለእኛ እንደምታደርገው አንዱን ፊቷን ብቻ ወደ ኮከቧ አዙራ የመቅረት ዕድሏ ሰፊ ነው። እንዲያ ከሆነ አንዱ ወገን ዘላለም ቀን፣ ሌላው ዘላለም ሌሊት ነው። ፀሐይ አትወጣም፣ አትጠልቅም፤ ከተራራ ጀርባ ያለ መሬት ብርሃን አይቶ አያውቅም። ተክል ቢኖር ቅጠሉን አንዴ ወደ ኮከቡ ካዞረ ማንቀሳቀስ አያስፈልገውም።

ይህን ሥዕል ከመውደዳችን በፊት የተገኘውን መረጃ እንይ። ቀይ ድንክ ከዋክብት በተደጋጋሚ ኃይለኛ ጨረር ይረጫሉ፤ ጨረሩም አየርን ገፍፎ ሊወስድ ይችላል። ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በ2023 ለኮከቧ በጣም የቀረቡትን ሁለቱን የትራፒስት-1 ፕላኔቶች መርምሮ በመጀመሪያዋ የአየር ምልክት አላገኘም፤ በሁለተኛዋም የቬነስን የመሰለ ወፍራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር እንደሌለ አሳይቷል። የውጪዎቹ ጉዳይ ገና በምርመራ ላይ ነው።

ከሩቅ ሆኖ ቅጠልን ማየት

እስካሁን ከፀሐያችን ውጭ መኖራቸው የተረጋገጠ ከ6,000 በላይ ፕላኔቶች አሉ። የአንዳቸውንም ገጽ በዓይን አላየንም። ታዲያ ቅጠል ቢኖር በምን እናውቃለን? በዲሴምበር 1990 ወደ ጁፒተር በመጓዝ ላይ የነበረችው ጋሊሊዮ መንኮራኩር በምድር አጠገብ ስታልፍ ካርል ሴጋንና ባልደረቦቹ መሣሪያዎቿን ወደ ገዛ ፕላኔታችን አዞሯቸው። የፈለጉት ምድርን እንደማያውቃት እንግዳ ሆነው ሲያዩዋት ሕይወት እንዳለባት መረዳት ይቻል እንደሆነ ነው። ውጤቱን በ1993 አሳተሙ። በአየሯ ብዙ ኦክስጅን አለ፤ ከኦክስጅን ጋር ተቃጥሎ ማለቅ የነበረበት ሜቴንም አብሮ አለ፤ በየብሱም ላይ ቀዩን ብርሃን አጥብቆ የሚውጥ፣ ከየትኛውም የታወቀ ማዕድን ጋር የማይመሳሰል ነገር ተሰራጭቷል። ያ ነገር ቅጠል ነው።

ቅጠል ከቀዩ ብርሃን ከ10 ከመቶ የበለጠ አይመልስም፤ ከ700 ናኖሜትር ወዲያ ግን በአንድ ጊዜ ወደ 50 ከመቶ ይዘላል። በድርቅ ጊዜ የሰብልንና የግጦሽን ሁኔታ ከሳተላይት የሚገመግሙ ባለሙያዎች የሚመኩት በዚሁ ዝላይ ነው፤ ዝላዩ ሲያንስ ማሳው ተጎድቷል ማለት ነው። የኢትዮጵያን ዝናብ አጠር አካባቢዎች ሁኔታ ቀድሞ ለመተንበይ የሚያገለግለው ልኬት በሌላ ፕላኔት ላይ ዕፅዋትን ለመፈለግም የታሰበው ልኬት ነው። የሚፈለገው ዝላይ ግን በ700 ላይ ብቻ እንዲሆን መጠበቅ የለብንም፤ ኮከቡ ሌላ ከሆነ ዝላዩም ቦታ ይቀይራል።

ጋዞቹ ደግሞ ሌላው መንገድ ናቸው። ጄምስ ላቭሎክ ገና በ1960ዎቹ ናሳን ሲያማክር ሕይወት ያለባት ፕላኔት አየሯ ሚዛኑን እንደሳተ ይኖራል ብሎ ነበር። ኦክስጅንና ሜቴን አንድ ላይ ከቆዩ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ምድጃ ላይ እሳቱ ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፋ ካደረ ማገዶ የሚጨምር ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ ሁለቱን ጋዞች ሳያቋርጥ የሚጨምር ነገርም በምድር ላይ ሕይወት ነው። ኦክስጅን ብቻውን ግን በቂ ምስክር አይደለም። ኃይለኛ ጨረር የውሃን ተን ሲከፍል ቀላሉ ሃይድሮጅን ወደ ኅዋ ያመልጣል፤ ኦክስጅኑ ያለ አንዳች ቅጠል ሊከማች ይችላል።

በተቃራኒው፣ ምልክት አለመታየቱም ሕይወት የለም ማለት አይደለም። ምድር 4.5 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት፤ ሕይወት ቢያንስ ለ3.5 ቢሊዮን ዓመታት ኖሮባታል። ኦክስጅን በአየሯ መጠራቀም የጀመረው ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ዕፅዋት በየብስ ላይ የወጡት ደግሞ ከ470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት። ከሩቅ የሚያይ እንግዳ ቢኖር ከዘመኗ ዘጠኝ አሥረኛውን ያህል የቅጠል ምልክት አያገኝባትም ነበር።

ዳሎል፦ አረንጓዴው ሁሉ ሕይወት አይደለም

በአፋር፣ በደናክል ዝቅተኛ ቦታ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ዳሎል አለ። ከጨው የተሠሩ ስስ ግድግዳዎች የከለሏቸው ገንዳዎች እንደ እርከን ተደራርበዋል። ከሥር የሚፈልቀው ውሃ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል፤ አሲድነቱ በፒኤች መለኪያ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ቦታ አለ፤ ጨውነቱ ከባሕር ውሃ ብዙ እጥፍ ነው። አንዱ ገንዳ እንደ ለምለም ሣር አረንጓዴ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ቢጫ፣ ከዚያ ብርቱካን፣ ዳር ላይ ቡናማ። ከሩቅ ያየ ሰው አልጌ የሞላበት ኩሬ ሊመስለው ይችላል። አረንጓዴው ግን በውሃው የሟሟ ብረት ነው። ብረቱ ከኦክስጅን ጋር እየተገናኘ ሲሄድ ቀለሙ ወደ ቢጫና ቡናማ ይለወጣል፤ ድኝና ጨውም የየራሳቸውን ቀለም ይጨምራሉ።

የሌላ ዓለም ሕይወት ተመራማሪዎች ዳሎልን የሚፈልጉት ለዚህ ነው። በ2019 ሁለት ቡድኖች ስለ ቦታው ጥናት አወጡ። በስፔኑ ፌሊፔ ጎሜዝ የሚመራው ቡድን በትኩሱ አሲድ አካባቢ ከተከማቸው ጨው ውስጥ እጅግ ረቂቅ ተሕዋስያን አገኘሁ አለ። ከፈረንሳይ የመጣው የፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ቡድን ደግሞ በዙሪያው ባሉት ጨዋማ ቦታዎች ብዙ ዓይነት ፍጥረት አግኝቶ፣ አሲዱና ጨው በአንድነት በበረቱባቸው ገንዳዎች ውስጥ ግን ሕይወት እንደሌለ ደመደመ። ይህ ቡድን በማይክሮስኮፕ ሥር ክብ ክብ የሆኑ፣ ቁርጥ ሕዋስ የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮችም አይቷል፤ ሲመረመሩ በሲሊካ የበለጸጉ የማዕድን ቅንጣቶች ሆነው ተገኙ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ፈሳሽ ውሃ ካለ ሕይወት አለ የሚለው መመዘኛ እዚሁ በአገራችን ምድር ላይ ይፈርሳል። ሁለተኛ፣ ሕዋስ የሚመስል ቅርጽ ሁሉ ሕዋስ አይደለም። ይህን ማስጠንቀቂያ ይዘን ወደ ማርስ ብንመለስ፣ በ2024 ፐርሲቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ ጄዜሮ በሚባለው ስፍራ፣ በደረቀ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ፣ የነብር ቆዳ የመሰሉ ነጠብጣቦች ያሉበት አለት አግኝታለች። በነጠብጣቦቹ ውስጥ ያሉት የብረት ማዕድናት በምድር ላይ ረቂቅ ተሕዋስያን ሲመገቡ ከሚተዉት ጋር ይመሳሰላሉ። በሴፕቴምበር 2025 የወጣው ጥናት ቃሉን መርጦ ነው የተናገረው፤ የሕይወት ምልክት ሊሆን ይችላል አለ እንጂ ነው አላለም። በሲንተን ላይ የደረሰውንና በዳሎል የታየውን የሚያውቅ ሰው ይህን ጥንቃቄ ያከብራል።

ሕይወት የሌለበት ተፈጥሮ

በጃንዋሪ 2005 ኸይገንስ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር የሳተርን ጨረቃ በሆነችው ታይታን ላይ አረፈች። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ያህል ነው። በዚያ ብርድ ውሃ እንደ አለት ይጠነክራል፤ ሜቴን ደግሞ ፈሳሽ ይሆናል። ታይታን ላይ ደመና ይቋጠራል፣ የሜቴን ዝናብ ይዘንባል፣ ወንዝ ሸለቆ እየቆረጠ ወርዶ ሐይቅ ይሞላል። ኸይገንስ ያረፈችበትን ቦታ ባነሣችው ፎቶግራፍ ላይ ጎርፍ እያንከባለለ ያሞለሞላቸው የበረዶ ድንጋዮች ይታያሉ። የዚህችን ዓለም ወንዞችና ባሕሮች ተፈጥሮ አይደሉም ለማለት የሚያበቃ ምክንያት የለም።

እኔ የምይዘው አቋም ይህ ነው። ተፈጥሮ የምንለው ነገር መጀመሪያው ቅጠል አይደለም። የሰው እጅ ሳይገባበት በራሱ ሕግ የተሠራ፣ የራሱ ታሪክ ያለው፣ ዛሬም በራሱ ሒደት የሚለወጥ ሁሉ ተፈጥሮ ነው። የታይታን ወንዝ፣ ከኤቨረስት ሁለት እጥፍ በላይ ከፍታ ያለው የማርስ ኦሊምፐስ ተራራ፣ የዳሎል ባዶ ገንዳ፣ ሁሉም በዚህ ይካተታሉ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሆምስ ሮልስተን ገና በ1986 በፀሐይ ሥርዓት ውስጥ ያሉ ሕይወት አልባ ቦታዎችም በራሳቸው ዋጋ እንዳላቸው ሞግቷል። የናሳው ክሪስቶፈር ማኬይ ደግሞ ክብደቱን ለሕይወት ይሰጣል፤ ማርስ የራሷ ሕይወት ካላት፣ ረቂቅ ተሕዋስያን እንኳ ቢሆኑ፣ እንዲለመልሙ ልንረዳ ይገባል፤ ከሌላት ግን የምድርን ሕይወት ብናመጣባት መልካም ነው ይላል። ሁለቱም የሚስማሙበት ነጥብ አለ፤ ቦታውን ሳያውቁ መንካት አይገባም።

ዘር ይዘን ስንሄድ

ይህ ክርክር የሩቅ ዘመን አይደለም። በጃንዋሪ 2019 የቻይናዋ ቻንግ ኧ-4 በጨረቃ ጀርባ ላይ አረፈች። በታሸገ አነስተኛ ዕቃ ውስጥ የጥጥ፣ የድንችና የሌሎችም ዘሮች፣ አፈርና ውሃ ይዛ ነበር። የጥጡ ዘር አፈሩን ገፍቶ በቀለ፤ በሌላ ዓለም ላይ የወጣ የመጀመሪያው ቅጠል ይኸው ነው። ሁለት ሳምንት የሚዘልቀው የጨረቃ ሌሊት ሲገባ ቅዝቃዜው ገደለው። በ2022 ደግሞ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአፖሎ ጠፈርተኞች ባመጡት የጨረቃ አፈር ላይ አራቢዶፕሲስ የተባለች ትንሽ ተክል ዘሩ። ዘሮቹ በቀሉ፤ ሲያድጉ ግን ቀጨጩ፣ የጭንቀት ምልክትም አሳዩ። የጨረቃ አፈር ስለታማ የአለት ዱቄት ነው፤ በምድር አፈር ውስጥ ያለው ብስባሽ፣ ፈንገስና ባክቴሪያ የለውም።

ማርስን በሙሉ ማልማት የሚለው ምኞትም ከዚሁ ጋር ይነሣል። ብሩስ ጃኮስኪና ክሪስቶፈር ኤድዋርድስ በ2018 እንዳሰሉት፣ አሁን ባለን ቴክኖሎጂ ማርስ ላይ ልናገኝ የምንችለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፕላኔቷን ለማሞቅ አይበቃም። ማበላሸት ግን ማልማት የሚጠይቀውን ያህል አቅም አይፈልግም። ከእኛ ጋር የሄደች አንዲት ጠንካራ ባክቴሪያ ማርስ ላይ የምናገኘውን ማስረጃ ሁሉ ልታደበላልቀው ትችላለች። ኤክስፖዝ በተባለው ሙከራ ከ2008 ጀምሮ ላይከን ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውጭ ለ18 ወራት ተጋልጦ በሕይወት ተመልሷል። ስለዚህ ሥጋቱ የልብ ወለድ አይደለም።

እስከ አሁን በዚህ ረገድ የተሠራው ሥራ የሚመሰገን ነው። የ1967ቱ የኅዋ ስምምነት 9ኛ አንቀጽ አገሮች ሌሎች ዓለማትን ጎጂ በሆነ መንገድ እንዳይበክሉ ያስገድዳል። በ1976 ማርስ ላይ ያረፉት ሁለቱ ቫይኪንግ መንኮራኩሮች ከመነሣታቸው በፊት ከ110 ዲግሪ በሚበልጥ ደረቅ ሙቀት ለብዙ ሰዓታት ተጋግረዋል። ሳተርንን ስትዞር የነበረችው ካሲኒ መንኮራኩር ነዳጇ ሲያልቅ በሴፕቴምበር 2017 ሆን ተብሎ ሳተርን ውስጥ እንድትቃጠል የተደረገው፣ ከበረዶው ሥር ባሕር ባላት ኢንሰላደስ ጨረቃ ላይ ወድቃ የምድርን ተሕዋስያን እንዳታራግፍባት ነው። አሁን ግን ወደ ኅዋ የሚወጡት አገሮችና ኩባንያዎች እየበዙ ነው፤ ሁሉም የቫይኪንግን ያህል ዋጋ ለመክፈል ፈቃደኛ አይሆኑም።

ስለዚህ ይህን ርዕስ የምትከታተሉ ወጣት አንባቢዎች፣ በተለይም ሥነ ሕይወትና ሥነ ፈለክ የምታጠኑ፣ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። የሌላ ዓለም ተክል ተገኘ ሲባል ስትሰሙ ቀለሙንና ቅርጹን አትጠይቁ፤ በየትኛው ብርሃን፣ በየትኛው አየር፣ ምን ሥራ እየሠራ እንደሆነ ጠይቁ፤ ያለ ሕይወት ሊገኝ ይችል እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ። ተክል የለም ሲባልም ቦታው ባዶና ባለቤት የለሽ ነው ብላችሁ አትቀበሉ። ማርስ ላይ የራሷ ሕይወት መኖር አለመኖሩ ተጣርቶ ሳያልቅ ከታሸገ ዕቃ ውጭ አንድም የምድር ዘር ሊዘራባት አይገባም።